ባለጉዳዩ ዳኛ ሲሆን፤ ስለ ዕቃ ዋስትናና ስለ ጥገና ፍትሕ

በዊንጌት ሰፈር ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች፣ ነጋዴዎችና የሙያ ተማሪዎች የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ሰው ገንዘቡን ከፍሎ በገዛው ዕቃ ላይ ነውር ያገኘ እንደ ሆነ ወደ ሻጩ ተመልሶ መብቱን መጠየቁ፣ ሻጩም ፊቱን ሳያዞር መልስ መስጠቱ፣ በሰው ልጆች መካከል ከጥንት ጀምሮ የነበረ የርትዕ ሥርዓት ነው። በቀድሞ ዘመን በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ጥርሱን ገልጦ፣ ሰኮናውን አንሥቶ፣ ጥቂትም አስኪዶ ያይ ነበር፤ ሻጩም በአገሩ የሚታወቅ ዋስ ይጠራ ነበር፤ ጠብ የተነሣ እንደ ሆነም ነገሩን የሚያየው ሻጩም ገዢውም ያልሆነ ሽማግሌ ነበር። በእኛ ዘመን ግን የምንገዛው ዕቃ ውስጡ ለዓይን የማይገለጥ፣ ሠሪው ከባሕር ማዶ ያለ፣ የውሉም ቃል አብዛኛው ሰው በማያነበው ቋንቋና በደቃቅ ፊደል የታተመ ስለ ሆነ፣ ያ ሥርዓት በአንድ ዐቢይ ነገር ጎድሎብናል፤ ይኸውም ዕቃው በተበላሸ ጊዜ ምክንያቱን መርምሮ ፍርድ የሚሰጠው ራሱ ተጠያቂው ሻጭ መሆኑ ነው። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ ሕጋችን ስለ እርሱ ምን እንደሚል፣ መድኃኒቱም ከወዴት ሊገኝ እንደሚችል በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት ነው።

ነገሩ ያለ ምሳሌ እንዳይቀር በዚሁ በሰፈራችን የሆነውን አንድ ጉዳይ ላስቀድም። እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት ጎረቤቴ አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደንበኞቻቸው ትእዛዙን በስልክ፣ ሒሳቡንም በዚያው በስልክ ስለሚልኩላቸው፣ የእጅ ስልካቸው ሱቅም፣ መዝገብም፣ ካዝናም ሆኖላቸዋል። አሮጌው ስልካቸው አልታዘዝ ባላቸው ጊዜ ከዕቁብ የደረሳቸውን ገንዘብ አውጥተው፣ ደረሰኝ ተቀብለው፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለው የተባለውን አዲስ ስልክ ገዙ፤ ዓመቱም ሳይጋመስ ስልኩ ከቻርጀር ላይ እንደ ተሰካ ጠፍቶ ቀረ። እርሳቸውም ካርቶኑን፣ ደረሰኙንና የዋስትናውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ወደ ድርጅቱ የጥገና ማዕከል ሲሄዱ፣ እኔም የጎረቤት ነገር ነውና አብሬያቸው ሄድሁ።

ወረፋችን ደርሶ ስልኩን የተቀበለን ወጣት ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ጀርባውን ከፈተው፤ ጥቃቅኖቹን ብሎኖች በማግኔት ሰሌዳ ላይ በተርታ ደረደራቸው፤ ከዚያም በቻርጀሩ ቀዳዳ አጠገብ የተለጠፈች፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ወረቀት በወረንጦ ጫፍ አመለከተን። ወረቀቷ ነጭ ናት፤ በአንድ ጠርዟ ግን እንደ ቀይ ቀለም ያለ ነገር ሰርጎባታል። «እናቴ፣ ይኸው ቀልቷል፤ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህንን ደግሞ ዋስትናው አይሸፍነውም» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ እኔ ስልኬን ውኃ ውስጥ አልጣልኩትም፤ ከጉያዬም ተለይቶ አያውቅ» ቢሉት፣ የመለሰላቸው ቃል «የድርጅቱ ፖሊሲ ነው» የሚል ብቻ ሆነ። እንግዲያውስ ይህንኑ እምቢታ በጽሑፍ ስጡን ብለን ብንጠይቅ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት መስጠት አልተለመደም ተባልን፤ በራሳችሁ ወጪ ይጠገን ካላችሁ ተብሎ የተነገረን ዋጋ ደግሞ ከአዲስ ስልክ ዋጋ ብዙም የማይርቅ ነበር። ያችን እናት ያስቆጣቸው የገንዘቡ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ባልሠሩት ጥፋት ተፈርዶባቸው፣ ይግባኝ የሚሉበት ደጅ በማጣታቸው ነበር እጅግ ያዘኑት።

አድማጮቼ ሆይ፣ በእርሳቸው ላይ የፈረደችውን ያችን ትንሽ ወረቀት እስቲ ጠጋ ብለን እንመርምራት። የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ከዕቃቸው ውስጥ በልዩ ልዩ ስፍራ የሚለጥፏት ይህች ወረቀት፣ ከላይ ነጭ ሆና ከውስጧ ቀለም የያዘች ናት፤ ውኃ የነካት እንደ ሆነ ቀለሙ ሟሙቶ ወደ ላይ ይወጣና ትቀላለች። ስለዚህ የምትመሰክረው ርጥበት እንደ ደረሰባት ብቻ ነው፤ ያ ርጥበት መቼ እንደ መጣ፣ ከምን እንደ መጣ፣ ስልኩንም የገደለው እርሱ ይሁን ወይም ሌላ የፋብሪካ ጉድለት፣ ይህን ሁሉ ልትነግረን አትችልም። ቀኑን ሙሉ የምጣድ እንፋሎት በሚነሣበት ጎጆ ውስጥ፣ ወይም ክረምቱ ሳያባራ በሚዘንብበት በእንጦጦ ሥር በጉለሌ የሚኖር ሰው፣ ስልኩን ባልዲ ውስጥ ሳይጥል ወረቀቷ ብትቀላ ምን ይደንቃል?

ይህም የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በዩናይትድ ስቴትስ የሆነውን ልንገራችሁ። በዚያ አገር አፕል የተባለው ታላቅ ኩባንያ ወረቀቷ ቀልታለች በማለት የአይፎንና የአይፖድ ዋስትና የከለከላቸው ደንበኞች ተባብረው ከሰሱት፤ በክርክሩም ላይ ወረቀቷ የተሠራችበትን ቴፕ የሚያመርተው ስሪ ኤም የተባለ ኩባንያ ወኪል፣ ውኃ ሳይነካት የአየር ርጥበት ብቻ ቀለሟን ሊለውጠው እንደሚችል መናገሩ ተገለጠ። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2013 በስምምነት ሲፈጸም ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል 53 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ ባለጸጋ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኩባንያ ደንበኞቹን ያሰናበተባት ምስክር፣ በክርክር ላይ ምስክርነቷ ይህን ያህል አጠራጣሪ ሆኖ ከታየ፣ በእኛ ከተማ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያለ መርማሪና ያለ ይግባኝ ፍርድ ልትሰጥ አይገባትም።

ነገር ግን ርቱዕ ፍርድ የሚፈልግ ሰው የሌላውንም ወገን ቃል መስማት ግዴታው ነውና፣ ስለ ሻጮቹም ልናገር። ስልኩን ከውኃ ጥሎ፣ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ አውርዶ ሰብሮ፣ ፍሪጁንም መብራት ሲመላለስበት ያለ መከላከያ ሰክቶ አቃጥሎ፣ ከዚያ በኋላ «እንዲሁ ሳልነካው ጠፋብኝ» የሚል ደንበኛ አለ፤ ሐሰቱም አይካድም። ዋስትና ወሰን የሌለው ቢሆን ኪሳራው በዕቃው ዋጋ ላይ ተጨምሮ፣ ዕቃውን በጥንቃቄ የሚይዘው ሰው የግድየለሹን ዕዳ ሲከፍል ይኖራል። በጥገና ማዕከል የተቀመጠው ወጣትም ሕጉን አላወጣውም፤ ከላይ የመጣለትን ትእዛዝ ያነባል እንጂ፣ የሰው ቁጣ የሚወርድበት ግን በእርሱ ላይ ነው። ስለዚህ የሻጩን የዳኝነት ወንበር ነጥቀን ለገዢው እንስጥ ብል በደሉን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ይሆንብኛል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከሁለቱ ባለጉዳዮች አንዱም ለራሱ ነገር ዳኛ ሊሆን አይገባውም።

አሁን ሕጋችን ወደሚለው እንሻገር። የአባቶቻችን ፍትሐ ነገሥት ለመሸጥና ለመግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ መድቦለታል፤ ይህም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተማሩ ሊቃውንት ንግድን ከፍትሕ ውጭ የሆነ ዓለማዊ ተንኰል አድርገው እንዳላዩት ያስረዳል። በ1952 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ በውሉ እንደ ተነገረው መሆኑንና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህ ዋስትና በካርቶን ውስጥ ታትሞ ከሚመጣው ወረቀት የሚመነጭ አይደለም፤ ወረቀቱ ቢኖርም ባይኖርም ከሽያጩ ጋር አብሮ የሚወለድ የሕግ ግዴታ ነው። ሕጉ ለሻጭም አዝኖለታል፤ ገዢው የተረከበውን ዕቃ ሳይውል ሳያድር እንዲመረምር፣ ጉድለት ባገኘም ጊዜ ወዲያው ለሻጩ እንዲያስታውቅ፣ ካስታወቀም በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲያቀርብ አዝዟል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የሸሸገ እንደ ሆነ ግን፣ «አልጠየቅም» ብሎ በውል ቢያጽፍ እንኳ ቃሉ አያድነውም።

ከዚህም በኋላ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መጥቶ፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ጉዳት ሲደርስበትም የመካስ መብት እንዳለው ጻፈ፤ ነጋዴውም ደረሰኝ እንዲሰጥ አስገደደ። በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማችም ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ተደነገገ። ይህን አዋጅ ሲያስፈጽም የነበረው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም. ታጥፎ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተዛወረ ሲሆን፣ በከተማችንም አቤቱታ የሚቀበል የንግድ ቢሮ አለ።

በዚህ ምክንያት «ፖሊሲያችን ነው» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው የነገሩ መጨረሻ የደረሰ መስሎት አንገቱን ደፍቶ መመለስ የለበትም። ፖሊሲ አንድ ነጋዴ በቤቱ ውስጥ ለሠራተኞቹ ያወጣው ደንብ ነው፤ የቤት ደንብም ቤቱን ያስተዳድራል እንጂ የአገርን ሕግ አይሽርም። «በሕግ አምላክ» የተባለ መንገደኛ በሌሊት በጨለማ እንኳ ባለበት ይቆም በነበረበት አገር፣ ሕግ በቀን ብርሃን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዋጋ ሊያጣ አይገባውም።

ወደ ሁለተኛው በደል ልለፍ፤ ይኸውም ዕቃውን ሌላ ሰው ከከፈተው ዋስትናው ይፈርሳል የሚለው ትእዛዝ ነው። ብሎኑ ላይ የተለጠፈችው ማኅተም ከተቀደደች የተበላሸው ነገር ከመከፈቱ ጋር ምንም ባይገናኝ እንኳ ደንበኛው ይባረራል። የዩናይትድ ስቴትስ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ፣ ዋስትናን በአንድ ኩባንያ መለዋወጫ ወይም በአንድ ኩባንያ ጥገና ቤት ብቻ መገደብን ከልክሏል፤ የዚያው አገር የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለ ቃል ለሚጽፉ 6 ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ስልክና ላፕቶፕን የመሳሰሉ ዕቃዎች ለመጠገን ምን ያህል እንደሚመቹ ከ10 በሚሰጥ ነጥብ ተለክተው፣ ነጥቡ በመሸጫው ላይ እንዲታይ አዘዘች፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ዕቃ የማስጠገን መብትን በመመሪያ አጸና። እነዚህ ሕዝቦች ከእኛ ይልቅ ባለጸጎች ሲሆኑ መጠገንን በሕግ መጠበቅ ካስፈለጋቸው፣ አንዱን ስልክ ከአባት ለልጅ፣ ከልጅም ለታናሽ እያወረስን የምንገለገል እኛ እንዴት አብልጦ አያስፈልገን?

ጠጋኙንም ሰው አስቡት። በዚህ መንገድ ዳርና ዳር በጠባብ የመስተዋት ሣጥን ፊት ተቀምጦ፣ አጉሊ መነጽሩን በዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ክፍል ከቦርዱ ላይ በሙቅ አየር የሚያነሣው ወጣት፣ የሥራ ንድፍ የሚሰጠው ፋብሪካ የለውም፤ ኦርጅናል ባትሪና ስክሪን የሚሸጥለት አስመጪ የለውም፤ ስለዚህ ከተበላሹ ስልኮች አካል እየፈታ፣ ወይም ፎርጂዱን ከኦርጅናሉ በዓይኑና በእጁ እየለየ ይሠራል። የእርሱ ሙያ በምናለሽ ተራ ጣሳውን ወደ ኩራዝ፣ ጎማውን ወደ ጫማ ሲለውጡ የኖሩት የመርካቶ ሠራተኞች ሙያ ዘመድ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን በጠይብነቱ፣ ሸማ የሚሠራውን በሸማኔነቱ የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ሲያስነግሩ፣ አገር የምትቆመው በእጅ ሠራተኛዋ መሆኑን ተረድተው ነበር። ዛሬ ጠይብ ብሎ የሚሰድብ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን «የሰፈር ጠጋኝ ከነካው ዋጋ የለውም» የሚለው የዋስትና አንቀጽ ያንኑ ንቀት በሌላ ልብስ ይመልሰዋል።

ጥገና የተዘጋበት ዕቃ መጨረሻው ወዴት እንደ ሆነ በአጭሩ ልጥቀስ። በተባበሩት መንግሥታት ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሲወጣ፣ በሥርዓት ተሰብስቦ ወደ ጥቅም መመለሱ የተመዘገበው ከመቶ 22.3 እጅ ብቻ ነበር። በዚህ ቆሻሻ ውስጥ እርሳስና ሜርኩሪን የመሰለ መርዝ አለ፤ ወርቅና መዳብም አለ። አገራችንም ይህን ተመልክታ በ2010 ዓ.ም. የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ አውጥታለች፤ በአቃቂም የተጣሉ ኮምፒውተሮች የሚፈታቱበት ማዕከል ተሠርቷል። ነገር ግን ከመጣል በፊት መጠገን ይቀድማልና፣ የጥገናን ደጅ የሚዘጋ ፖሊሲ ጉዳቱ ከአንዱ ደንበኛ አልፎ በአፈሩና በውኃው ላይ ይደርሳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መድኃኒቱን ከሩቅ አንፈልገው፤ በዚህ በቆምንበት ስፍራ አለ። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱም በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ለአርነት ዘመቻ በገባው በእንግሊዛዊው የጦር መኰንን በኦርድ ዊንጌት መታሰቢያነት፣ ከጠላት ወረራ በኋላ በብሪቲሽ ካውንስል እጅ የተቋቋመ ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሹማምንትና ሊቃውንት የሚሆኑ ተማሪዎች ይማሩበት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሆኖ ተግባረ እድን ያስተምራል። መለኪያ መሣሪያ አለ፤ የሚያውቅ መምህር አለ፤ የሚማር እጅ አለ፤ ከሁሉም በላይ ኮሌጁ ዕቃውን አልሸጠም፣ አልገዛምም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ፍርድ ቤት ጉዳዩን በባለሙያ እንዲያስመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ነገር ግን ለአንድ ስልክ ሲባል ፍርድ ቤት መሄድ ለእንጀራ ጋጋሪዋ እናት የማይቻል ነው። የንግድ ቢሮው ከእንዲህ ያሉ ኮሌጆች ጋር ተስማምቶ፣ ሻጭና ገዢ በዋስትና ላይ ሲጣሉ ዕቃው በጥቂት ክፍያ እንዲመረመር፣ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ ለሁለቱም ወገን እንዲሰጥ ቢያደርግ፣ ያ የጎደለን ሦስተኛው ሰው ይገኛል። እውነተኛ ነጋዴም ይህን አይፈራውም፤ ሐሰተኛው ደንበኛ የሚገለጠው በዚሁ መንገድ ነውና።

ይህ እስኪሆን ድረስ ለገዢዎች የምመክረው ይህን ነው። ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ዋስትናው ምን እንደማይሸፍን ጠይቁ፤ ባትሪና ስክሪን ለብቻ የሚቆጠሩ መሆናቸውን፣ መለዋወጫው በአገር ውስጥ መገኘቱን፣ ጥገናው የት እንደሚደረግ አረጋግጡ። ደረሰኙን ከካርቶኑ ጋር አስቀምጡ፤ የሙቀት ወረቀት የሆነ ደረሰኝ ጽሕፈቱ እየጠፋ ይሄዳልና ፎቶ አንሡት። ጉድለት ያያችሁ ዕለት አስታውቁ፤ 15ቱን ቀን በ«ነገ እሄዳለሁ» አትጨርሱት። ዕቃውን ስታስረክቡ የሲሪያል ቁጥሩንና ያለበትን ሁኔታ በመረከቢያው ላይ አስጽፉ። እምቢ ስትባሉ እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከከለከሏችሁም ቀኑን፣ የተናገረውን ሰውና የተባለውን ቃል ራሳችሁ ጻፉና አቤቱታችሁን ይዛችሁ ወደ ንግድ ቢሮ ሂዱ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ለዚህ ነው፤ በቁጣ የጮኸ ሰው ከደጅ ይሸኛል፤ ወረቀት ይዞ በትሕትና የቆመ ግን መልስ ሳይሰጡት ማሰናበት ይከብዳል።

ለነጋዴዎችም ቃል አለኝ። የዋስትና ወረቀታችሁን በአማርኛ፣ በሚነበብ ፊደል አሳትሙት፤ የማይሸፍነውን ነገር ከመሸጣችሁ በፊት ተናገሩ፤ ስትከለክሉም ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ፈርሙበት። የሚፈርምበት ሰው ሳያጣራ አይጽፍምና፣ ይህ አንድ ልማድ ብቻውን ብዙ በደል ያስቀራል። የኮሌጁ ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ነገ ከጠረጴዛው ማዶ ትቀመጣላችሁ። የቀላችውን ወረቀት ባያችሁ ጊዜ ምርመራችሁን በእርስዋ አትፈጽሙ፤ ቦርዱን በአጉሊ መነጽር እዩት፣ ዝገት መኖሩን ፈልጉ፣ ኤሌክትሪኩ የት እንደ ተቋረጠ በመለኪያ ተከተሉ፤ ያገኛችሁትንም ለአሠሪያችሁ ቢጠቅም ለደንበኛው ቢጠቅም እንዳለ ጻፉት። ሙያ የሚከበረው እውነትን ሳያደላ ሲመሰክር ነው፤ በእናንተ ምስክርነት ላይ የሚቆመው ፍትሕም ከየትኛውም ፖሊሲ ይልቅ ገዢንና ሻጭን ያስታርቃል።